በድንገተኛ የጉበት ድካም አንጎል ሲያብጥ በሽተኛውን በበረዶ እስከ 33 ዲግሪ ማውረድ ይጠቅማል?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሱሉልታ
ሰላም ባልደረቦች። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት የ60 ኪሎ ወጣት ነው። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሳምንት አልሞላውም፣ ኢንሴፋሎፓቲው (ከጉበቱ የመጣው የአእምሮ መዛባት) ደረጃ 3 ደርሷል፣ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ፣ ሲጨምር ደም ለመርጋት ይዘገያል) 4፣ ሙቀት 38.4። አዲስ አበባ የአይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) አልጋ እየተፈለገ ነው። በበረዶ ላቀዝቅዘው? የአንጎል እብጠት ከሚቀንሱት 20% ማኒቶል አለን፣ 3% ሳላይን (የጨው ውኃ) የለም።

የአይሲዩ ሐኪም
ዶክ፣ 33ቱ ይቅር። ሐሳቡ መሠረት ነበረው፦ ጉበት ያላጣራው አሞኒያ በአስትሮሳይት የአንጎል ሕዋሳት ውስጥ ግሉታሚን ይሆናል፣ ግሉታሚኑ ውኃ ይስባል፣ ቅዝቃዜ ደግሞ ይህን ያዘገያል። ንቅለ ተከላ በሚጠብቁ ጥቂት ሕሙማን ላይ 32–33 ዲግሪ የራስ ቅል ውስጥ ግፊትን ቀንሶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው፣ ሕሙማን በዕጣ በተመደቡበት ጥናት ግን 34 ዲግሪ ከ36 የተሻለ አልሆነም፤ ግፊቱን አልተከላከለም፣ ሞትንም አልቀነሰም።

ግብህ 36 ይሁን፣ ከ37 አትለፍ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል አትስጥ፤ ዳይክሎፌናክም ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ያደማል። ልብሱን ገፈህ በራሰ ጨርቅና በማራገቢያ አውርደው። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግፊቱ ይጨምራልና ቀዝቃዛውን አንሳ። ትኩሳቱ ራሱ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል የደም ካልቸር (የጀርም ምርመራ) ወስደህ አንቲባዮቲክ ጀምር።

የአይሲዩ ነርስ፣ ቡራዩ
በረዶ የተያዘበት ብብት ላይ ቴርሞሜትር አታድርጉ፣ ውሸት ነው የሚያነበው። ቲዩብ (የመተንፈሻ ቱቦ) ከገባለት በጉሮሮ የሚገባው የሙቀት መለኪያ ይሻላል፤ አይኤንአር 4 ሆኖ በፊንጢጣ መለካት ያደማል።

የሱሉልታ ሌሊት ብርድ ስለሆነ ማኒቶሉን ከመስቀላችሁ በፊት ብርሃን ላይ ያዙት። ክሪስታል ከሠራ ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አወዛውዙ፣ ወደ ሰውነት ሙቀት እስኪመለስ ጠብቁ፤ ካልሟሟ ጣሉት። ማጣሪያ ያለው የግሉኮስ መስጫ ቱቦ (ሴት) ተጠቀሙ። ለ60 ኪሎ 0.5 ግራም በኪሎ ማለት 150 ሚሊ ሊትር ነው፣ በ20 ደቂቃ። የሽንት ካቴተር (ቱቦ) ይግባ፤ ሽንት ካልመጣ አይደገምም።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሱሉልታ
እግዜር ይስጥልን። 5% ግሉኮስ እየሄደለት ነው፣ ይቀጥል?

የአይሲዩ ሐኪም
አሁኑኑ አቁመው! ስኳሩ ሲቃጠል የሚቀረው ባዶ ውኃ ነው፣ ሶዲየሙን አውርዶ አንጎሉን ያሳብጠዋል። ሶዲየሙ 145–150 ቢሆን ይመረጣል። ስኳሩን በየሰዓቱ ለካ፤ ከ70 በታች ከወረደ 40% ግሉኮስ ሁለት አምፑል ስጠው።

ቲዩቡን አምቡላንስ ከመነሳቱ በፊት አስገባ፣ መንገድ ላይ አይሆንም። ጭንቅላት 30 ዲግሪ ከፍ፣ አንገት ቀጥ። ቲዩቡን በፕላስተር ያዝ፤ አንገት ዙሪያ ጠብቆ የታሰረ ክር የደም ሥሩን ያንቃል። ሰክሽን ከማድረግህ (አክታ ከመምጠጥህ) በፊት ማደንዘዣውን ጨምር።

አኔስቴዚስት፣ ሰበታ
አንድ ልዩነት አለኝ። ማኒቶል ተሰጥቶም የዓይን ብሌኑ ከሰፋ፣ እንደ መጨረሻ አማራጭ 34ን አልቃወምም። ግን ቲዩብ ገብቶለት፣ ደንዝዞ፣ መንቀጥቀጡ በመድኃኒት ተይዞ ብቻ። ሲቀዘቅዝ ፖታሲየም ወደ ሕዋስ ይገባል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለውን ቁጥር እያያችሁ አብዝታችሁ አትተኩ። ስታሞቁም በሰዓት ከ0.25 ዲግሪ አትለፉ፣ ፈጥኖ የሞቀ አንጎል መልሶ ያብጣል።