ኬንያን የት ላስቀምጣት?

ሀዋሳ የምማር የሕግ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የተለያዩ አገሮች ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን እንዴት እንደሚያየው ያነጻጽራል። ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ የሚያስቀጣበት፣ የማያስቀጣበት፣ ጋብቻም የተፈቀደበት።

አጀማመሩ ቀላል ነበር። የእኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ይቀጣል፤ አንደኛው ዓምድ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው።) ደቡብ አፍሪካ ከ2006 ጀምሮ ታጋባለች፤ ሦስተኛው። ቦትስዋና በ2019 ቅጣቱን በፍርድ ቤት ሻረችው፤ ሁለተኛው።

ኬንያ ላይ ግን ግራ ገባኝ። በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅጣቱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት የሚቆም ማኅበርን አልመዘግብም ማለት የመደራጀት መብት መጣስ ነው ብሎ ወሰነ። ድርጊቱ ያስቀጣል፣ መደራጀቱ መብት ነው! አንደኛው ዓምድ ላይ ጻፍኳት፣ በላጲስ አጠፋኋት፣ መልሼ ጻፍኳት። ወረቀቱ ሳስቶ ሊቀደድ ነው።

አራተኛ ዓምድ ልጨምር ብዬ አማካሪዬን ብጠይቀው «አንድ አገር አንድ ቦታ» አለኝ። እሱን ብሰማው ናሚቢያም ታስቸግረኛለች። በ2023 ውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻን ስትቀበል የቅጣት ሕጉ ገና አልተሻረም ነበር።

እንዲህ ያለ ንጽጽር የሠራችሁ፣ አገሮቹን የመደባችሁት በቅጣት ሕጉ ብቻ ነው ወይስ እያንዳንዱን መብት ለብቻው ሠንጠረዥ አወጣችሁለት?