«ቶታል ሃርድነስ 480» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ (የሳቢያን ልጅ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ትንሽ ፔንሲዮን አለችን። የቦይለሩ ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ነጭ ቅርፊት እየያዘ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። የጉድጓዱን ውሃ ስናስመረምር ወረቀቱ «ቶታል ሃርድነስ 480 ሚ.ግ/ሊ እንደ ካልሲየም ካርቦኔት» ይላል። ቶርኖ ቤት የሚሠራው የአክስቴ ልጅ «ሃርድነስ የብረት ነው፣ የውሃ ደግሞ ከየት መጣ?» ብሎ ሳቀብኝ። ማንን ልመን? ፊልተር ልግዛ?

መልስ (የኬሚስትሪ መምህር)፦ ወረቀቱን እመን ወንድሜ። በውሃ ኬሚስትሪ ሃርድነስ ማለት ውሃው ውስጥ የሟሙት ካልሲየምና ማግኒዚየም ድምር ነው። «እንደ ካልሲየም ካርቦኔት» የተባለው ሁለቱ በአንድ መለኪያ እንዲደመሩ ነው። ከ180 በላይ ያለው «በጣም ሃርድ» ይባላል፤ የእናንተ ከእጥፍም አልፏል። አይገርምም፤ ድሬ ዙሪያው የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውሃው ካልሲየሙን ከዚያ ይዞ ይወጣል። ሳሙና አረፋ እምቢ የሚለውም ለዚሁ ነው። ለመጠጥ ብዙ አትስጋ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሃርድነስ ከጤና አንጻር ገደብ አላወጣም። ሲሞቅ ግን ከካልሲየሙ ጋር የሟሟው ባይካርቦኔት ይፈርስና ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ሬዚስታንሱ ላይ ይጋገራል።

መልስ (ቶርኖ ቤት)፦ አቦ በአክስቱ ልጅ አትፍረዱበት! እኛ ጋ ሃርድነስ ብረቱ ሲወጋ አልሰረጉድም ማለቱ ነው። ሮክዌል የሚባለው መለኪያ የስርጉዱን ጥልቀት ያያል፣ ብሪኔል የሚባለው ደግሞ ስፋቱን። ደግሞ «60 ነው» ብቻ አይባልም፤ «ሮክዌል ሲ 60» ካላልክ ማንም አይገባውም።

መልስ (ድንጋይ ወዳድ)፦ በማዕድን ደግሞ ሃርድነስ መጫርን መቋቋም ነው። ሞስ የሚባል የማዕድን ተመራማሪ በ1812 ባወጣው መለኪያ ታልክ 1፣ አልማዝ 10 ነው። ያ ቅርፊት ካልሳይት (የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) ከሆነ 3 ላይ ነው፤ ቢላ ይጭረዋል። ከሃርድ ውሃ የወጣው ድንጋይ ለስላሳ መሆኑ እኔን ሁሌ ያስቀኛል።

መልስ (ቧንቧ ሠራተኛ)፦ በቢላ እንዳትፍቀው፣ ሬዚስታንሱን ትልጠዋለህ። መብራቱን አጥፋ፣ ፈተህ አውጣው፣ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው። ቴርሞስታቱንም 60 ዲግሪ ላይ አድርገው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ቅርፊቱ ይብሳል። ተራ ፊልተር ድፍርስ ነው የሚይዘው፣ ለዚህ ብለህ ገንዘብህን አትጣል። የሚያስፈልግህ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን የሚያስቀረው፣ በጨው የሚታጠበው ሶፍትነር ነው። ሻጩ ቲዲኤስ ሜትር ነክሮ ቁጥር ቢያሳይህም አትሸወድ፤ እሱ የሟሟውን ሁሉ ጠቅልሎ ነው የሚገምተው፣ ሃርድነሱን ለይቶ አያሳይም።

የሳቢያን ልጅ፦ እግዜር ይስጥልን። ሬዚስታንሱን ነክሬዋለሁ፣ እየተንጨረጨረ ነው። ሶፍትነሩ ድሬ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ላስመጣ?

ቧንቧ ሠራተኛ፦ መጀመሪያ በቀን ስንት ሊትር እንደምትጠቀሙ ንገረኝ፤ መጠኑ የሚታወቀው ከዚያ ነው።