የጂኤን መኪና ሁለተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ይለቅብኛል፤ እርዱኝ

እ.ኤ.አ. በ1921 የተሠራ የእንግሊዝ ጂኤን ቀላል መኪና ላይ ተቸግሬያለሁ። ጎድፍሬይና ፍሬዘር ናሽ በ1910 የጀመሩት ይህ ድርጅት የተለመደውን ካምቢዮ አልተጠቀመም፤ እያንዳንዱ ማርሽ የራሱ ካቴና አለው፣ የተፈለገው በጥርሳም መጋጠሚያ ተይዞ የኋላውን አክስል ያዞራል። ዲፈረንሻልም (ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው) የለውም።

ዳገት ላይ ጋዝ ስሰጥ ሁለተኛው ማርሽ በራሱ ይለቃል፤ ሜዳ ላይ በቀስታ ሲነዳ ግን አይለቅም። መጋጠሚያውን ፈትቼ ሳየው የጥርሶቹ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ተበልቶ ክብ ሆኗል፤ የሚያብረቀርቀው ጠባሳ በሚገፋው ጎን ብቻ ነው። መጋጠሚያውን የሚገፋው ሹካ አልተጣመመም። የሁለተኛው ካቴና መሃሉን ስጫነው ከሌሎቹ ይበልጥ ይረግባል። አክስሉን ወደ ኋላ ስቤ እንዳላጠብቀው ሁሉም አብረው ይወጠራሉ፣ የአንደኛው ደግሞ አሁንም ውጥር ነው።

ጥርሶቹን በብየዳ ሞልቼ፣ ፊታቸውን ጥቂት ዲግሪ ወደ ውስጥ አዘንብዬ ብሞርዳቸው ይይዛል? ብየዳው የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋ እንደገና በእሳት ማጠንከሩ ግድ ይመስለኛል። ወይስ በአዲስ ማስቀረጽ ይሻላል? ለረገበው ካቴናስ አንድ ዘለላ አውጥቼ በጎባጣ ዘለላ (ጎኖቹ በታጠፉ ማገናኛ) ባገናኘው ጭነቱን ይችላል? የሠራችሁት ካላችሁ የማዘንበያውን ልክ በዲግሪ ብትጽፉልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።