ጠዋት የሚዘገይ፣ ረፋድ ላይ ራሱን የሚያስተካክል የቪኤም ሰዓት

ጥያቄ፦ ባለ አንድ ሰርቨር

ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን አንድ ሰርቨር አለ። ዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት) ነው፣ ኬቪኤም በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ሦስት ቪኤሞች (ውስጡ እንደ ራሳቸውን የቻሉ ኮምፒውተሮች የሚሠሩ) ያሠራል። አንደኛው የሠራተኛ መግቢያና መውጫ ይመዘግባል። በር ላይ ያለው ታብሌት ስም ብቻ ይልካል፣ ሰዓቱን የሚመታው ቪኤሙ ነው።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የቪኤሙ ሰዓት 8 ደቂቃ ከምናምን ወደኋላ ይቀራል። አርፍዶ የመጣ ሁሉ በሰዓቱ እንደገባ ይጻፍለታል። ሠራተኛው ደስ ብሎታል፣ የሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ ግን ጨርሶ ደስ አላላትም። እኔም ወደ ቪኤሙ ልገባ ስል ስልኬ ላይ ያለውን ባለ 6 አሃዝ ኮድ አይቀበለኝም። 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሳየው ግን ሰዓቱ ልክ ነው! ክሮኒ (ሰዓቱን ከኢንተርኔት እያየ የሚያስተካክለው ፕሮግራም) ቪኤሙ ላይ ተጭኗል፣ ስህተት አያሳይም። ክሮኒን ሪስታርት ሳደርገው ሰዓቱ ወዲያው ይስተካከላል። በማግሥቱ ያው ነው። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ቶሎ ቶሎ

የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ላይ አድርገው። ካልሆነ ክሮን (ትእዛዝ በቀጠሮ የሚያስነሣው) ላይ በየደቂቃው ሰዓት የሚያስተካክል ትእዛዝ አስገባና ተገላገል።

የሌሊት ፈረቃ

8 ደቂቃ የሰዓት ክልል ስህተት አይሆንም ወንድሜ። ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ቢሆን እስማማ ነበር። ያኔ ሆስቱ (ቪኤሞቹን የሚያሠራው ዋናው ሰርቨር) ለቪኤሙ የሚሰጠው ሰዓት በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) ነው ወይስ በአገር ቤት የሚለው ነው የሚታየው፣ ዊንዶውስ ቪኤም ላይ በብዛት ያጋጥማል። ልክ 6 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የኛው ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ የታዘዘ ባክአፕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ።

የክሮኑን ነገር አታድርገው። ክሮኒ ወደ አንድ ወገን፣ ክሮን ወደ ሌላ ወገን ይጎትቱታል፣ ሰዓቱ ወደኋላ ከዘለለ ደግሞ ዳታቤዝህ ውስጥ በኋላ የገባው መዝገብ ፊተኛ ሆኖ ይገኛል። ለአንድ ቪኤም አንድ ሰዓት ጠባቂ ይበቃል።

አሁን ሁለት ነገር ንገረን። በክሮኒ ማዘዣ «ክሮኒሲ ትራኪንግ» ብለህ «ሲስተም ታይም» የሚለው መስመር ላይ ያለውን ለጥፍልን። ሁለተኛ፣ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሆስቱ ላይ ምን ይሠራል?

ባለ አንድ ሰርቨር

2 ሰዓት ተኩል ላይ 510 ሰከንድ ዘግይቷል ይላል። ከደቂቃ በኋላ ደግሜ ሳየው 505።

ሆስቱ ላይ 1፡40 የሚነሳ ባክአፕ አለ። ስክሪፕቱን የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው። በቪርሽ (የቪኤሞች ማዘዣ) ቪኤሙን ያስተኛዋል፣ ዲስኩን ይገለብጣል፣ ከዚያ ይቀሰቅሰዋል። በአጠቃላይ 11 ደቂቃ ይፈጃል።

የሌሊት ፈረቃ

ይኸው ተገኘ። ቪኤሙ ሲተኛ ሰዓቱም አብሮት ይተኛል። ሲነቃ ካቆመበት ይቀጥላል፣ በመሐል 11 ደቂቃ ማለፉን የሚነግረው የለም።

ክሮኒስ ምን ይሠራል? ዴቢያን ላይ የሚመጣው መቼት «ሜክስቴፕ 1 3» ነው። ከ1 ሰከንድ የበለጠ ልዩነት ካየ ሰዓቱን በአንዴ ያዘልለዋል፣ ግን ከተነሳ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 3 እርማቶች ብቻ። ከዚያ ወዲያ በቀስታ እያፈጠነ ነው የሚያደርሰው። ለዚህ ነው ሪስታርት ስታደርገው ወዲያው የሚድነው።

የፍጥነቱ ጣሪያ በደቂቃ 5 ሰከንድ ገደማ ነው። ከ510 ወደ 505 ሲወርድ ራስህ አይተኸዋል። 11 ደቂቃ 660 ሰከንድ ነው፣ ለ5 አካፍለው፣ 132 ደቂቃ። ቪኤሙ 1፡51 ነቃ፣ ክሮኒ ልዩነቱን እስኪያውቅ ትንሽ ጊዜ ጨምርበት። 4 ሰዓት ተኩልህ ላይ ትደርሳለህ።

የስልኩ ኮድ በየ30 ሰከንዱ ስለሚቀየር ነው የማይቀበልህ። ከርቤሮስ (የመግቢያ ማረጋገጫ ሥርዓት) የምትጠቀሙ ቢሆን ደግሞ እሱ በተለምዶ እስከ 5 ደቂቃ ልዩነት ብቻ ነው የሚታገሠው፣ ጠዋት ማንም አይገባም ነበር።

ባለ አንድ ሰርቨር

እግዜር ይስጥልኝ! ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ «ክሮኒሲ ሜክስቴፕ» ቪኤሙ ውስጥ እንዲሠራ ጨመርኩ። እሺ ይላል፣ ሰዓቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ኬብል አሳዳሪ

ገና ስላልለካ ነው። ያ ትእዛዝ ክሮኒ ቀድሞ የሚያውቀውን ልዩነት ብቻ ያዘልላል። ቪኤሙ ነቅቶ ገና 1 ሰከንድ፣ ክሮኒ ደግሞ ሰርቨሮቹን የሚጠይቀው ሲረጋጋ በየ1024 ሰከንዱ ነው፣ 17 ደቂቃ ማለት ነው። በእሱ ቤት ሁሉም ሰላም ነው።

እኔ የማደርገው ይኼ ነው። ኬቪኤም የሆስቱን ሰዓት በቀጥታ ለቪኤሙ ያሳያል። ቪኤሙ ውስጥ ፒቲፒ ኬቪኤም የሚባለውን ሞጁል ጫን፣ «ዴቭ» ሥር «ፒቲፒ0» የሚባል ፋይል ይመጣል። ክሮኒ መቼት ውስጥ እሱን በሬፍክሎክ (የሰዓት ምንጭ) መስመር ስጠው፣ ፖሉን (የመለኪያውን ክፍተት፣ በ2 ርቢ) 2 በለው። ያኔ በየ4 ሰከንዱ ይለካል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከዚያ ሜክስቴፑን ከ3 ወደ ነጌቲቭ 1 ቀይረው፣ በማንኛውም ጊዜ መዝለል እንዲችል።

ግን ቪኤሙ ከዚህ በኋላ ሆስቱን ነው የሚያምነው። ስለዚህ ሆስቱ ራሱ ክሮኒ ይኑረው፣ ዩዲፒ 123 (የሰዓት ጥያቄ የሚሄድበት ፖርት) በፋየርዎሉ ማለፉን አረጋግጥ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሆስቱ የድሮ ቀን ይዞ የሚነሳ ከሆነ የማዘርቦርዱን ባትሪ ቀይር። ያቺ እንደ ሳንቲም ያለችው ሲአር2032 ናት።

የሌሊት ፈረቃ

እስማማለሁ። ግን ቪኤምን 11 ደቂቃ አስተኝቶ ዲስክ መገልበጥ ራሱ የድሮ አሠራር ነው። ስናፕሾት (ዲስኩ በዚያች ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ) አንሥተህ ቪኤሙ እየሠራ ገልብጥ፣ ስትጨርስ ስናፕሾቱን መልሰህ አዋህደው። የጌስት ኤጀንት (ቪኤሙ ውስጥ ሆኖ ከሆስቱ ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም) ከተጫነ ፋይል ሲስተሙን ለቅጽበት ያዝ አድርጎ ይለቀዋል።

ባለ አንድ ሰርቨር

ሁለቱንም አደረግኩ። ከሆስቱ ጀመርኩ፣ ለካ እሱ ራሱ 40 ሰከንድ ይፈጥን ነበር፣ 123 ተዘግቶበት። ከፈትኩለት። ዛሬ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቪኤሙን ሳየው ልዩነቱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው። ኮዱም በአንዴ አስገባኝ።

ሁለት ሰዎች ግን «ታብሌቱ ተበላሽቷል፣ አርፍደሃል ይለኛል» ብለው መጥተውብኛል።