8 ኩባያ ሽንኩርት ስንት ኪሎ ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ከገባሁ ገና ዓመቴ ነው። ለልጄ ክርስትና 30 ሰው ጠርቻለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ አሠራሩን ላከችልኝ፤ ግን ሁሉም በኩባያ ነው። ለአንድ ዶሮ 8 ኩባያ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ለጎመኑ በጠቅላላ 12 ኩባያ ይላል። እዚህ ደግሞ በኪሎ ነው የሚሸጠው። 3 ዶሮ ልሠራ አስቤያለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

— — —

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! 3 ዶሮ ጥሩ ነው። በ12 ብልት 36 ይወጣልሻል፤ ለሁሉም ይዳረሳል።

መጀመሪያ ኩባያው። የአሜሪካ መለኪያ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቤት ያለውን የቡና ማግ እንዳትጠቀሚ፤ ብዙው ከዚያ ይበልጣል።

የተከተፈ ሽንኩርት በአንድ ኩባያ 160 ግራም ያህል ነው። 8 ኩባያ ወደ 1 ኪሎ ከ300 ይጠጋል። ለ3 ዶሮ 4 ኪሎ የማይሞላ ንጹህ ሽንኩርት ያስፈልግሻል። ልጣጩና ጫፉ ስለሚጣል 4 ኪሎ ተኩል ግዢ። በማሽን ከፈጨሽው ግን ኩባያውን እርሺው። የተፈጨ ሽንኩርት ይጠቀጠቃል፤ በአንድ ኩባያ ብዙ ይገባል። ሳይፈጭ መዝኚው።

በራስ ቁጥርም አትሂጂ። እኔ ዋሽንግተን እንደመጣሁ እናቴ በስልክ «15 ራስ» ስትለኝ 15 ከተፍኩ። የአገር ቤቱ ሽንኩርት ትንንሽ ነው፤ እዚህ ግን አንዱ ብቻውን ሩብ ኪሎ ይመዝናል። ወጡ ስኳር ስኳር አለ፤ በርበሬውም ተዋጠ። ያን ያህል ሰዓት ቆሜ አቁላልቼ እንግዶቼ ፊት ሳቀርበው በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ሚዛን ሳልይዝ ድስት አልጥድም።

ካሮት ቀላል ነው፤ ተከትፎ በኩባያ 130 ግራም ገደማ። ድንች 150። ጥቅል ጎመን 90 ቢሆን ነው።

ችግሩ የአበሻ ጎመኑ ላይ ነው። እህትሽ የተጠቀመችው ኮላርድ ይመስለኛል፤ እዚህ አሜሪካ በአበሻ ጎመን ፋንታ የምንሠራበት ቅጠል ነው። ጥሬው ተከትፎ በኩባያ 36 ግራም ብቻ ነው፤ ተቀቅሎ ውሃው ሲጠፋ ግን 190 ይደርሳል። በቅጠሎቹ መሃል ያለው አየር ነዋ ኩባያውን የሚሞላው! ስለዚህ 12 ኩባያ ጥሬ ከሆነ ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም። የበሰለ ከሆነ ከ2 ኪሎ በላይ ነው። ደውለሽ መቼ እንደለካችው ጠይቂያት።

— — —

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። አሁኑኑ ደወልኩላት። ቀቅላ፣ ጨምቃ ነው የለካችው። ደግነቱ ሳልገዛ ጠየቅኩ፤ እኔ ግማሽ ኪሎ ይበቃል ብዬ ነበር!

— — —

በይ እንግዲያው የበሰለው ብቻ 2 ኪሎ ከ300 ያህል ሊሆን ነው። ወፍራሙ ግንድ ሲወጣ የሚጣለው ብዙ ነው፤ እኔ ብሆን ከ4 ኪሎ አላንስም። አጥበሽና ቆርጠሽ በዋዜማው አዘጋጂው፤ ጠዋት ሽንኩርቱን ስታቁላዪ ጊዜ አይኖርሽም። ሚዛኑ ላይ ደግሞ ባዶውን ሳህን አስቀምጠሽ ቁጥሩን ዜሮ ካደረግሽ በኋላ ነው ሽንኩርቱን የምትጨምሪው።