ክርክር፦ ስሙ የቀደመው ነው ወይስ የገነነው?

ፒያሳ ቢት፦
አንድ ሙዚቃ የሚሠራ ልጅና ኋላ የመጣ ገናና ፖድካስት አንድ ዓይነት ስም አላቸው። ትናንት እዚህ አንድ ሰው «ስሙ አሁን የፖድካስቱ ሆኗል፣ ልጁ ይቀይርና ይገላገል» ብሎ ጻፈ። ብዙ ላይክ አገኘ። እኔን ግን በጣም አናደደኝ። ልጁ በዚያ ስም ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መልቀቅ ሲጀምር ፖድካስቱ አልነበረም። ካዛንቺስ ትንንሽ ቤቶች ውስጥ ሲጫወት ያየነው በዚያ ስም ነው። አሁን ዩቲዩብ ላይ ስሙን ስትጽፉ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ ሰዎች ይመጣሉ። ሥራው ከታች ተቀብሯል። ዘመቻ እንዳይሆን ስማቸውን አልጠራም። የምታውቁ ታውቃላችሁ። ግን ይህ እንዴት የልጁ ጥፋት ይሆናል?

የካዛንቺሱ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለልጁ አስቤ ነው። ካናዳዊው ሙዚቀኛ ዳን ስናይዝ ድሮ ማኒቶባ ነበር የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሀንድሰም ዲክ ማኒቶባ የሚባል የፓንክ ዘፋኝ ከሰሰው። ስሙን ካሪቡ ብሎ ቀየረ። በ2008 በዚሁ በአዲሱ ስም የካናዳን ፖላሪስ የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። ምን ቀረበት?

ፒያሳ ቢት፦
ስናይዝ ወዶ አልቀየረም፣ ተከሶ ነው። ደግሞ እዚያ ስሙን የለቀቀው ኋላ የመጣው ነው። ፓንኩ ሰውዬ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ማኒቶባ ነበር። ያመጣኸው ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

የካዛንቺሱ፦
ዋናው ነገር መገላገሉ ነው።

ፒያሳ ቢት፦
ከምን ነው የሚገላገለው? ከራሱ ስም? ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ነው ያደግነው። የዩቲዩብ ተመልካች ይነጥቀዋል የሚል አልሰማሁም።

አራት ኪሎ፦
እኔ የሚያጣላ ነገር አይታየኝም። ዋልያን ተመልከቱ። ሂልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ አለ። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ነው። ቢራውም ዋልያ ነው። ማንም ማንንም አልቀማም።

ሳውንድ ማን፦
አራት ኪሎ፣ ይሄ ይለያል። ቢራ ልጠጣ ብሎ ባንዱን የሚያገኝ ሰው የለም። ሙዚቃና ፖድካስት ግን አንድ አፕ ውስጥ፣ አንድ የሰርች ሳጥን ውስጥ ነው ያሉት። ስፖቲፋይም ዩቲዩብም ያው ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ፖድካስቱ የመግቢያ ሙዚቃውን በዚያው ስም በዲስትሪቢዩተር (ሙዚቃ ወደ አፖቹ በሚያደርስ ድርጅት) ቢለቅ፣ ትራኩ የልጁ ገጽ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስም ተመሳስሎ የሌላ ሰው ዘፈን ገጹ ላይ የተለጠፈበት አርቲስት ስንቱ ነው። ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ሲለምን የሚኖረው አርቲስቱ ነው።

ጠበቃዋ፦
ሕጉን ላስገባ። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 የሚጠብቀው ሥራን ነው። ሙዚቃው ይጠበቃል፣ ስሙ ግን በዚያ አይጠበቅም። ለስም የንግድ ምልክት አዋጁ 501/1998 ነው ያለው። እዚያ መብት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ለ7 ዓመት ይሰጣል፣ ከዚያ ይታደሳል። ስለዚህ ልጁ አስመዝግቧል ወይ? ካላስመዘገበ ነገ ጠዋት ይሂድ።

ፒያሳ ቢት፦
እህቴ፣ ምክሩ ጥሩ ነው። ግን ገንዘብና ጠበቃ ያለው ቀድሞ ቢያስመዘግብስ? እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሌዲ አንተቤለም የሚባለው ገናና የካንትሪ ባንድ ስሙን ሌዲ ኤ አደረገ። ሲያትል ውስጥ ደግሞ አኒታ ዋይት የምትባል የብሉዝ ዘፋኝ በዚያ ስም ለብዙ ዓመታት ዘፍናለች። ከሳሹ ማን ሆነ? ባንዱ! ምልክቱ ተመዝግቦልኛል ብሎ። ከዚያ እሷም መልሳ ከሰሰች። በ2022 ነው የተስማሙት።

ጠበቃዋ፦
እኮ! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሳይቀድሙት ይቅደም።

የሸራተኑ ጎረቤት፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ላፕቶፕ ከፍቶ ቁልፍ መጫን መቼ ነው ሙዚቃ የሆነው? ስሙ ላይ ከመጣላት በፊት መሣሪያ ይልመድ።

ሳውንድ ማን፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ይህን አልቀበልም። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚሠሩትን ሚካኤል ሰይፉንና እንደገና ሙሉን ያዳምጡ። የማሲንቆውን፣ የአዝማሪውን ድምፅ ይዘው ነው የሠሩት። እንደገና ሙሉ እንዲያውም ራሱን ኢትዮጵያን ሬከርድስ ብሎ ነው የሚጠራው። የድርጅት ስም ይመስላል፣ ግን አንድ ሰው ነው። ስሙን የተሸከመው ሥራው ነው።

የሸራተኑ ጎረቤት፦
ማሲንቆውን የመታው ሌላ ሰው ነዋ!

ሳውንድ ማን፦
ጋሼ፣ ይህን ለብቻው እንከራከርበት፣ እመጣበታለሁ።

የካዛንቺሱ፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። ዛሬ ስሙን ብትጠሩ ከ10 ሰው 9ኙ ፖድካስቱን ነው የሚያስበው። ይሄ እውነት ነው፣ ብትናደዱም።

ፒያሳ ቢት፦
ዛሬ! የዋልያስ ባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያን አስታውስ። አሜሪካ ታክሲ ሲነዳ ስንት ሰው ያውቀው ነበር? እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ አገኘው። ካሴቱ ላይ ያለውን ስም ይዞ ፈለገው። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ እንደገና ወጣ፣ ሰውዬውም ወደ መድረክ ተመለሰ። የልጁን ሥራ ከ20 ዓመት በኋላ የሚፈልግ ሰው ምን ይዞ ይፈልግ? ግማሹ በድሮው ስም፣ ግማሹ በአዲሱ?

ሳውንድ ማን፦
ፖድካስቶቹ ስማቸው ላይ «ፖድካስት» የሚል ቃል ይጨምሩ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ልጁ ምንም አይንካ።

የካዛንቺሱ፦
ለምን እነሱ? ስሙን እዚህ ያደረሱት በድካማቸው ነው። እነሱም ሌሊት ኤዲት ሲያደርጉ ያድራሉ።

ፒያሳ ቢት፦
መድከማቸውን አልካድኩም። ኋላ የመጡት ግን እነሱ ናቸው።

የካዛንቺሱ፦
አሁንም እላለሁ፣ ይቀይርና ይገላገል።

ፒያሳ ቢት፦
አሁንም እጠይቅሃለሁ፣ ከምን?

ጠበቃዋ፦
ልጁን የሚያውቀው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ማመልከቻውን በነጻ አዘጋጅለታለሁ።