የባድሜንተን ራኬት ግሪፕ (የእጀታው መጠቅለያ) በየስንት ጊዜ ነው የሚቀየረው?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ እርዱኝ። በሳምንት 3 ቀን፣ 2 ሰዓት ያህል ባድሜንተን እጫወታለሁ። እጄን በጣም ያልበኛል። አዲስ ግሪፕ ጠቅልዬ 2 ሳምንት ሳይሞላው አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ይጠቁርና እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ትናንት ስማሽ (ከላይ ወደ ታች በኃይል የሚመታ ምት) ስመታ ራኬቱ ከእጄ አምልጦ መረቡ ሥር ወደቀ። ሰው ቢመታስ ኖሮ? በጣም ደነገጥኩ።

አሮጌውን ሳልፈታ ሌላ ስሱ ግሪፕ ደርቤበት ነበር። እጀታው ወፈረና ከፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል ከመምታት) ወደ ባክሃንድ (በእጅ ጀርባ በኩል መምታት) ስቀይር ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

እንደኔ የሚያልባችሁ በየስንት ጊዜ ትቀይራላችሁ? ከራኬቱ ጋር የመጣው የታችኛው ግሪፕስ መቼ ነው የሚነሳው? የፎጣ ግሪፕ ላብ እንደሚመጥ አውቃለሁ፤ የሞከራችሁት ካላችሁ ምን ያህል ቆየላችሁ? ቅዳሜ ጨዋታ አለኝ፣ እባካችሁ።